አያ ቢያዝንና ባለሁለት መስመሯ ወረቀት

ቧ!

እንዲህ ነበር ድምፁ፤ ከበሬ ቀንድ አፍ ላይ የቆዳ ውታፍ ሲነቀል የሚሰማ አጭርና ደረቅ ድምፅ። በልጅነታችን በአገራችን በድብ ባሕር ከጅብ ጩኸት ይልቅ ያንን ድምፅ የምንፈራ ብዙ ነበርን። ውታፉ ከተነቀለ በኋላ ከቀንዱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ፤ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቀጭን ቢላ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደች ሸምቀቆ፣ ምላስ መጫኛ የምትሆን በደንብ የተላገች የወይራ እንጨት። የቀንዱ ባለቤት አያ ቢያዝን ነበሩ፤ የአገራችን እንጥል ቆራጭ።

እኔ ያን ድምፅ በቅርብ የሰማሁት በስድስት ዓመቴ ነው። ጉሮሮዬን ታምሜ ምራቅ መዋጥ አቅቶኝ ነበር። እናቴ ሁለት ቀን ዳማከሴ እያሸች አጠጣችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ግን «የልጄ እንጥል ወርዷል» ብላ አስጠራቻቸው። ያኔ አያ ቢያዝን ገና ሃያ ዓመት የሞላቸው ጎረምሳ ነበሩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጉልበታቸው መካከል አጣበቁኝ፤ ፊቴን ወደ ጸሐይ አዞሩና፣

«ዳኛው፣ የእናትህ ፍየል እንዴት ነው የምትጮኸው?» አሉኝ።

እኔም ሞኙ አፌን ከፍቼ «እኤኤኤ» ስል ነገሩ አለቀ። ደም እየተፋሁ ሳለቅስ ራሴን ዳበስ አደረጉና «ሸጋ ልጅ! ከፍየሏ አንተ ትበልጣለህ» አሉ። እናቴ ቀዝቃዛ የተልባ ውኃ አቀረበችልኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ልቤ በላሁ፣ ሮጥሁ። እናቴ «ዳነልኝ» አለች፤ አያ ቢያዝንም «ዳነ» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ሙያውን የወረሱት ከአጎታቸው ነው። አጎትዬው ዓይናቸው ሲደክም ቀንዱን ለገዛ ልጆቻቸው መስጠት ሲችሉ ለቢያዝን ሰጡ፤ የቢያዝን እጅ አይንቀጠቀጥማ! እውነትም ድንቅ እጅ ነበር። ስንዴ ሲያጭዱ ነዶአቸው ከሩቅ ይለያል፤ የተሰበረ የበግ እግር ሲጠግኑ በጉ ሳይነክስ ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ሲያስቸግረን ከፍተው በዶሮ ላባ ጠርገው አስነሡት። ሲጨርሱ «በሉ እንግዲህ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ» አሉን፤ ሰዓት ማንበብ አይችሉም ነበር።

ሕግም ነበራቸው። ጨረቃ ስትሞላ ደም አይቆምም ብለው አይቆርጡም። ቢላዋን በእሳት ላይ ሳያሳልፉ ወደ አፍ አያስገቡም፤ ይህንን ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቁ «አጎቴ እንዲህ ያደርግ ነበር» ይላሉ። በዝናብም በጭቃም ቢጠሯቸው ይሄዳሉ። በኛ ዕድሜ ያለ የድብ ባሕር ሰው አፉን ቢከፍት፣ የአያ ቢያዝን ምልክት የሌለበት ጉሮሮ ማግኘት የሚከብድ ይመስለኛል።

እኔ አድጌ አስተማሪ ሆንሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማርሁ። በዚያን ዘመን የነበረን የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ገጹ በልጆች ጣት የወዛ ነበር። «ተውሳክ በዓይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረው፤ ከሥሩም የማጉያ መሣሪያ ሥዕል። መሣሪያውን እኔ አይቼው አላውቅም፤ ትምህርት ቤቱም አልነበረውም። ስለዚህ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትንንሽ ክብ ክብ ነገሮችን በሰንሰለት መልክ እያያያዝሁ እሥል ነበር። አንድ ቀን አያ ቢያዝን ከእርሻ ሲመለሱ በመስኮት በኩል ብቅ አሉና፣

«ዳኛው፣ ምንድን ነው ይህ የሣልኸው? መቁጠሪያ ነው?»

«ተውሳክ ነው አያ። በዓይን የማይታይ ነው።»

«የማይታይ ከሆነ ታዲያ አንተ በምን አይተህ ሣልኸው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «መጽሐፉ ነው ያለው» አልሁ። «እኔ የማየውን ነው የምቆርጠው» ብለው ሞፈራቸውን ተሸክመው ሄዱ። ልጆቹ ለአንድ ሳምንት ያህል እርስ በርሳቸው «መቁጠሪያህን አሳየኝ» ሲባባሉ ሰነበቱ።

አያ ቢያዝን ልጆች ወለዱ፤ ከሁሉም አጠገባቸው የቀረችው አበቡ ናት። አበቡ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ታላቋ ባንቺአየሁ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታናሿ ፀደይ ስምንት። የዚህን ታሪክ ነገር ለማስተዋል የባንቺአየሁን ሕመም ማወቅ ያስፈልጋል።

ባንቺአየሁ በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን ታመመች። አያቷ በሦስተኛው ቀን ቆረጧት፤ በአምስተኛው ቀን ገመድ ስትዘል አየኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ክንዷ፣ ክንዷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ። «ቁርጥማት ነው፣ የብርድ ነው» ተባለና ታለፈ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ግን ከወንዙ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት መውጣት አቃታት፤ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተቀመጠች ትተነፍሳለች። ጎንደር ወሰዷት። ሐኪሞቹ ደረቷን አዳምጠው፣ በመሣሪያም አይተው፣ የልቧ በር ተበላሽቷል አሉ። የመጣውም ከጉሮሮ ሕመም ነው አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። መንገድ ክፍት ሲሆን ከነእናቷ በማለዳ ማኪና ይሄዳሉ፤ መንገድ ሲዘጋ አበቡ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ጎዳናው ስታይ ትውላለች።

አያ ቢያዝን «ከጉሮሮ ነው» የሚለውን ከሰሙ ከብዙ ቀን በኋላ ለኔ የነገሩኝ ይህን ነው፦

«ዘገየሁ ዳኛው። በሦስተኛው ቀን ነው የቆረጥኋት። በመጀመሪያው ቀን ብቆርጣት ኖሮ ነገሩ ወደ ልቧ አይወርድም ነበር። ለትንሿ አልዘገይም።»

እኔ ይህን ስሰማ ምን ልበል? ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ያመኑ ሰው ናቸው። ዝም አልሁ፤ ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ፀደይ ጉሮሮዬን አለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አበቡ ስልክ ደወለችልኝ።

«ጋሼ ዳኛው፣ እባክዎ ይድረሱልኝ። አባዬ ቀንዱን ይዞ መጥቷል።»

ስደርስ አበቡ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሁለት እጇን በሁለቱ መቃን ላይ ዘርግታ። አባቷ ፊት ለፊቷ ቆመዋል። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ጎበጥ ብሏል፣ እጃቸው ግን ያው እንደ ጥንቱ ነው።

«ምነው አበቡ? ይህ ቤቴ አይደለም?»

«ቤቱ ያንተ ነው አባዬ። ጉሮሮው ግን የልጄ ነው።»

«የእህቷን አላየሽም? ብንዘገይ የሆነውን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። አይቼ ነው በሩ ላይ የቆምሁት።»

አያ ቢያዝን ወደኔ ዞሩ። «ተማሪህ ናት፣ ምከራት እንጂ! ጊዜ የለም። ይህች ልጅ ልቧ እንደ እህቷ እስኪሆን እንቀመጥ?»

የሁለቱም ፍርሃት አንድ ነበር፤ የሚያጣላቸው መንገዱ ነው። ሁለቱም ልጅቷን ከእህቷ ዕጣ ሊያድኗት ነው የሚታገሉት። አበቡ ያን ጊዜ የሰማችውን ነገር ተናገረች። ለባንቺአየሁ መርፌ ጎንደር በሄደች ጊዜ፣ ልብ የሚጎዳውን የጉሮሮ ሕመም እዚያው የሚለይ ወረቀት ለኛም ጤና ጣቢያ እንደሚላክ ነግረዋት ነበር። አሁን መጥቷል፤ የምትሠራበትም ነርስ ከጎንደር ሠልጥና መጥታለች።

«ወረቀት!» አሉ አያ ቢያዝን፣ ሳቃቸው መጣ። «እኔ ኀምሳ ሰባት ዓመት ጉሮሮ ሳይ የኖርሁ፣ በወረቀት ልበለጥ?»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?» አልሁ እኔ ወኔ አግኝቼ። «አብረን ሄደን እንይ። እርስዎም ይዩ።»

አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አሰቡ። «ደህና። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ግን ውል እንግባ። ወረቀቱ ዝም ካለ፣ ልጅቷ የኔ ናት። ማንም በር ላይ አይቆምብኝ።»

አበቡ ገርጥታ አየችኝ። ከዚያ «ይሁን። ግን ቀንዱ ከእኛ ጋር አይሄድም» አለች። እንዲህ ሆኖ ተለያየን።

ሰኞ ጠዋት አራታችንም ጤና ጣቢያ ደረስን። ፀደይ በእናቷ ነጠላ ተጠቅልላ ትኩሳቷ ፊቷን አቅልቶታል። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ወገብ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ በሯ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ነርሷ ሲስተር ሰብለ ወንጌል ትባላለች፤ የጎንደር ቁስቋም ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አያ ቢያዝንን ስታይ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ስምዎን ሰምቻለሁ አያ» አለች።

«በደግ ነው በክፉ?»

«ግማሹ ሰው በደግ፣ ግማሹ እያለቀሰ።»

ሳቁ። ሳይወዱ ነው የሳቁት። ሲስተር ሰብለ ፀደይን በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ በትንሽ ባትሪ ጉሮሮዋን አየች። ምላስ መጫኛዋም ከእንጨት ነበር፤ አያ ቢያዝን እሱን ሲያዩ «ይኼን እንኳ ከኛ ወስደዋል» ብለው በጆሮዬ አንሾካሸኩ። የአንገቷን እጢዎች በጣቶቿ ዳሰሰች። ሳል አለ ወይ፣ ንፍጥ አለ ወይ ብላ አበቡን ጠየቀች፤ የለም ተባለች።

«ምን አየሽ?» አሉ አያ ቢያዝን።

«ቀልቷል። ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ። አብጧል።»

«እሱን እኔም አይቻለሁ። ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም አያ።»

አያ ቢያዝን ከወንበሩ ወደ ፊት ተጠጉ። «ዓይንሽ እያየ?»

«ዓይኔ እያየ። ተራው ጉንፋንም ጉሮሮ ያቀላል፤ ልብ የሚጎዳውም ያቀላል። ጎንደር ካሉት ትልልቅ ሐኪሞች አንዱን ቢያመጡ፣ እሱም በዓይኑ ብቻ እርግጠኛ አይሆንም። ልጠርጥር ብል እጠረጥራለሁ። እርግጡን የምትነግረን ይህች ወረቀት ናት።»

አያ ቢያዝን ያን ጊዜ የመጀመሪያውን መደነቅ ተደነቁ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። በሕይወታቸው ሙሉ ስለ ጉሮሮ ጠይቀዋቸው «አላውቅም» ብለው አያውቁም ነበር። ይህች የተማረች ልጅ ግን በነጭ ጋዋኗ ፊታቸው ቆማ፣ ምንም ሳታፍር፣ «አላውቅም» አለች።

ከጠረጴዛው ላይ የታሸገች የብር ቀለም ያላት ከረጢት ቀደደች። ከውስጧ ስስና ረጅም ወረቀት ወጣች፤ ስፋቷ ከልጅ ጣት ያነሰ። ጫፏ ላይ ጥጥ የተጠመጠመባት ቀጭን ዘንግም አዘጋጀች።

«ይህች ጭራሮ ናት ሐኪሟ?» አሉ አያ ቢያዝን።

«አይ፣ ይህች መልእክተኛዋ ናት።» ወደ ፀደይ ዞረች። «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ አፍሽን በደንብ ክፈቺልኝ። ቆጠር አድርጊ፣ ሦስት ሳትደርሺ እጨርሳለሁ።»

ፀደይ አፏን ገጥማ ወደ አያቷ አየች። አያ ቢያዝን ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለሲስተር ሰብለ እንደማገዝ አሉ፦

«ፀደይዬ፣ ፍየሏ እንዴት ነው የምትጮኸው?»

«እኤኤኤ—»

ሲስተር ሰብለ ዘንጓን አስገብታ ሁለቱን ቶንሲሎችና የጉሮሮዋን ጀርባ አንዴ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አወጣች። ልጅቷ ልታስመልስ ብላ ዋጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደም የለም። አያ ቢያዝን ዘንጓ ላይ ያለውን ጥጥ አጎንብሰው አዩ፤ ደም ይፈልጉ ነበር። ጥጡ ረጥቧል እንጂ ነጭ ነበር።

ነርሷ ከሁለት ጠርሙሶች ጠብታ ጠብታ እየቆጠረች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች፤ ዘንጓን ከተተችና በጣቶቿ መካከል እያሽከረከረች አሸቻት። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ዘንጓን ጨምቃ አወጣቻት፤ በምትኩ ወረቀቷን ብልቃጡ ውስጥ አቆመች።

«አምስት ደቂቃ» አለች።

«አምስት ደቂቃ ስንት ነው?» አሉ አያ ቢያዝን።

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቀስ ብለው አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ቢደግሙ ነው።»

«እንግዲያው ሸጋ ነው» ብለው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም።

እርጥበቱ በወረቀቷ ላይ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሳበው፤ ራሱ ቀስ እያለ፣ ሐምራዊ ጥላ ከፊቱ እየነዳ ይወጣል። አራታችንም ራሳችንን አጋጥመን በአንዲት ቀጭን ወረቀት ላይ አፈጠጥን። ከውጭ የሕሙማን ድምፅ፣ ከጎዳናው የጭነት ማኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሐምራዊው ጥላ ከመካከሉ ያለፈ ጊዜ ከላይ በኩል አንዲት ቀይ መስመር ወጣች፤ በማስመሪያ የተሰመረች ያህል የቀናች።

«መጣች!» አለች አበቡ።

«እሷ ወረቀቷ መሥራቷን የምትነግር ናት» አለች ሲስተር ሰብለ። «ጀርሙ ካለ ከሥሯ ሌላ ትወጣለች። ከሌለ እሷ ብቻዋን ትቀራለች።»

ከሥር ነጭ ነበር። ጠበቅን። ነጭ ነበር።

«ዝም አለች» አሉ አያ ቢያዝን ቀስ ብለው። ቀና ብለው ወደ አበቡ አዩ። በዓይናቸው ደስታ አላየሁም፤ ውሉ ግን ውል ነው። አበቡ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት። እኔም በልቤ የምናገረውን ማዘጋጀት ጀመርሁ፤ ወረቀቷ ዝም ብትልም መቁረጡ አያስፈልግም ልል፣ እሳቸውም የማይሰሙኝ መሆኑን እያወቅሁ።

«አያ» አለች ሲስተር ሰብለ፣ «ጸሎትዎን አልጨረሱም።»

ተመልሰው አጎነበሱ። በዚያ ነጭ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። ዓይኔን አሸሁ። ገርጣ ያለች፣ ሮዝ፣ ጥላ ትሁን መስመር ያልለየላት ነገር። አበቡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያቺ ነገር ሳናያት እየጸናች፣ ዓይናችንን ባርገበገብን ቍጥር እየቀላች፣ በመጨረሻ መስመር ሆና ቆመች። ሁለት መስመሮች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት «በዓይን የማይታይ» እያልሁ ያስተማርሁት፣ በጠመኔ ክብ ክብ አድርጌ የሣልሁት፣ እኔ ራሴ በእምነት እንጂ በዕውቀት ያልያዝሁት ፍጥረት፣ ከአንዲት የድብ ባሕር ሕፃን ጉሮሮ ወጥቶ «አለሁ» አለኝ። በአምስት ደቂቃ። ያለ ማጉያ፣ ያለ መብራት፣ በጤና ጣቢያችን ትንሽ ክፍል ውስጥ።  

«አለ» አለች ሲስተር ሰብለ። «ያ ልብ የሚጎዳው ዓይነት ነው። ደግነቱ ደርሰንበታል፣ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።» ወዲያው ወደ ሥራዋ ገባች። ልጅቷ መርፌ ወስዳ ታውቅ እንደሆነ፣ መድኃኒት አሳክኳት ወይም አሳብጧት ያውቅ እንደሆነ አበቡን ጠየቀች፤ መዘነቻት፣ መድኃኒቱን በጠበጠች። ፀደይ መርፌውን ስታይ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። «ይኸው ፍየሏ አሁን መጣች!» አለች ሲስተር ሰብለ፣ እናትዬዋም በእንባዋ መካከል ሳቀች። ተወጋች። አለቀ።

አያ ቢያዝን ይህንን ሁሉ አላዩም። ወረቀቷን ከነብልቃጧ ይዘው መስኮቱ ዘንድ ሄደው ወደ ጸሐይ አዙረው ያያሉ። ወደ ላይ ያደርጓታል፣ ወደ ጎን ያደርጓታል።

«እኔ ኀምሳ ሰባት ዓመት ስመለከት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እዚያው ነበር። ቢላዬ አጠገብ ነበር።» ከዚያ ወደ ሲስተር ሰብለ ዞሩ። «ልጄ፣ ባንቺአየሁን የመታት ይህ ነው?»

«ያኔ አልነበርሁም አያ። ግን እንዲህ ያለው ነው የሚመታ።»

«ከቆረጥኋት በኋላ ግን ድና ነበር እኮ። በአምስተኛው ቀን ገመድ ትዘል ነበር። ሁሉም ይድናሉ። እኔ ዘንድ መጥቶ ያልዳነ ጉሮሮ የለም።»

ሲስተር ሰብለ የያዘችውን ጥጥ አስቀመጠች። መልሱን እንደ ምርጥ ሸክላ በጥንቃቄ እንደያዘች አየሁ።

«ጉሮሮው በራሱ ነው የሚድን አያ። ቢቆረጥም ባይቆረጥም በአራት በአምስት ቀን ሕመሙ ይተዋል። የእርስዎ እጅ ያዳነው ይመስላል፤ ሰውም እንዲያ ያስባል፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማስብ። ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነት ጀርሙን ሊዋጋ ይነሣና፣ ሳያውቅ የራሱን ጉልበት፣ የራሱን ልብ ይመታል። ያ ደግሞ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣ። ማንም ከጉሮሮው ጋር አያገናኘውም።»

«መዘግየቴ አይደለም በል እንግዲህ» አሉ ወደኔ ዞረው።

«አይደለም አያ» አልሁ። «በመጀመሪያው ቀን ቢቆርጧትም ያው ነበር።»

ይህን ስላቸው ሸክም ያቀለልሁላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ሌላ የከበደ ነገር እንዳነሣሁባቸው ገባኝ። ብልቃጧን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ተቀመጡ። በቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የጣቶቻቸውን አንጓ አንድ ባንድ ይነኩ ጀመር፤ የቆረጧቸውን ልጆች የሚቆጥሩ መሰለኝ፣ እንዴት አድርገው ሊጨርሱ ነው ብዬ አዘንሁ።

ልጆችን አልነበረም የሚቆጥሩት፤ ቀን ነበር።

«ሲስተር» አሉ ድንገት፤ እስካሁን «ልጄ» ነበር የሚሏት፣ «ይህ መርፌ ቀን አለው? እስከ ስንት ቀን ነው የሚረዳ?»

«ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠኝ ቀን ከተወጋ ልቡን ይጠብቅለታል፣ አብዛኛውን ጊዜ። ባይዘገይ ነው የሚሻል።»

«ሐሙስ አንዲት ልጅ ቆርጫለሁ። የአወቀን ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ።»

አበቡ ፀደይን እያለበሰች እጇ ቆመ። ሲስተር ሰብለ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ዞረች።

«መቼ ነበር የጀመራት?»

«ማክሰኞ ነው ያሉኝ።»

«ማክሰኞ… ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው። ሁለት ቀን አለን። ያምጧት፣ እንያት።»

«ድናለች እኮ። ትናንት በደጀ ሰላም አባቷ እጄን ስሞ አመሰገነኝ።»

«ብትድንም ያምጧት አያ።»

የአወቀ ቤት ከዚያ ለሽማግሌ እግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት። በዚያ ዕድሜ የሚሞከር አይደለም። «ቆዩ አያ፣ አወቀ ዘንድ ስልክ እንደውል፣ ካልሆነም ማኪና እስከ ድልድዩ—» ብዬ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ እሳቸው ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ፤ ዱላቸውን ከጥጉ አነሡ።

አያ ቢያዝን ከሰው ዘንድ ሲወጡ ምርቃታቸው ረጅም ነው፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ አዝመራውን፣ የመንገዱን ሰላም ሳይጠሩ እግራቸውን አያነሡም፤ ለዚህም ብዙ ቀልደንባቸው እናውቃለን። ሲስተር ሰብለም ምርቃቱን ለመቀበል አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆማ ነበር።

አረንጓዴው መጋረጃ ተነሣ፣ ወረደ። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉን ወጡ።